ለግድግዳ የተገዛው ጠመንጃ

ይህ ነገር የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መካከል ባለው የሠርግ ወቅት ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ስሠራ ከዚህ የከበደ ብዙ አይቻለሁ፤ ጽፌ፣ ለአርታኢ ሰጥቼ፣ ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ክፉ ሰው ስላጣሁበት ነው። አንድ ክፉ ሰው ቢገኝበት ኖሮ ጥፋቱን ለእሱ አሸክሜ እገላገል ነበር።

ስሞቹን ለውጫለሁ። ከባለጉዳዮቹ አንዱ በሕይወት እያለ እንዳልጽፈው ጠይቆኝ ስለነበር አልጻፍኩም። አሁን እሱም የለም። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የተነገረኝንም ማን እንደነገረኝ እየጠቀስኩ አስቀምጣለሁ።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ በሁለት ቤተሰቦች መካከል ደም ነበረ። ይርጋ የሚባል ወጣት በግጦሽ ድንበር በተነሣ ጠብ ታደገ የሚባለውን ጎረቤቱን ገደለ። ታደገ ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ። ይርጋ ጎንደር ታስሮ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። በዚያ አገር ግን የመንግሥት ፍርድ ሌላ ነው፣ ደም ሌላ ነው። ገዳይ ከእስር ወጥቶ ከባለደሙ ካልታረቀ ወይ ይገደላል ወይ አገር ጥሎ ይሄዳል። ባለደሙ የታደገ ታናሽ ወንድም አስረስ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገር ገበሬ ነው።

ሊያስታርቁ የተነሡት ቄስ መኩሪያ ነበሩ። ክረምት ከበጋ በሁለቱ ቤቶች መካከል ተመላለሱ። አንዱ ቤት ሲያባርራቸው ሌላው ቤት ያድሩና ጠዋት ተመልሰው ይመጣሉ። በተለይ ያስቸገራቸው ደሳለው የሚባለው የአስረስ የአጎት ልጅ ነበር። «እኛ ወንድማችንን ቀብረን እነሱ በግ አርደው ሊያበሉን ነው?» እያለ የተጀመረ ሽምግልና አፍርሷል። በመጨረሻ ግን አስረስ ራሱ «በቃ» አለ። የሟች ወንድሙ ልጅ ለጋብቻ ተጠይቃ ነበርና፣ ደም ካለበት ቤት ሊድራት አልፈለገም። እኔም እርቁን እንድዘግብ ከምሠራበት ጋዜጣ ተላክሁ።

ከእርቁ ውሎች አንዱ የገዳይ ወገን ለሟች ቤት ጠመንጃ እንዲሰጥ ነበር። ወንድ የጎደለበት ቤት መሣሪያ እንዳይጎድለው ነው ይላሉ። ይህ የደም ጠመንጃ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰጪዎቹ ከገዙት በኋላ አይተኩሱትም። ለሙከራ እንኳ አንዲት ጥይት ቢያጮኹበት «በሬሳችን ላይ ፎከሩ» ተብሎ እርቁ ይፈርሳል። ተቀባዩም ወስዶ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ቄስ መኩሪያ ሲያስረዱኝ «ተሰቅሎ የሚያረጅ መሣሪያ ነው፣ ልጄ» ብለውኛል። ስለዚህ ሲገዛም ሲሰጥም የሚሞክረው ሰው የለም።

ጠመንጃውን የመግዛቱ ነገር የወደቀው በይርጋ ታላቅ ወንድም በሞላ ላይ ነበር። ቤተሰቡ ለካሳው በሬውን ሸጦ እጁ ባዶ ቀርቷል። ቤታቸው ውስጥ የአባታቸው አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበረች። ሰደፏ ደህና ነው፤ አፈሙዟ ግን ተበልቶ አልቋል። ሙሉ ጠመንጃ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ሞላ ሰደፏን ይዞ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ሄደ። እዚያ ከጦርነቱ የተረፈ ብረት እየሰበሰበ የሚገጣጥም ሰው ነበረ። ከሰደፉ በላይ ያለውን ክፍል ብቻ፣ አፈሙዙን ከኋላ ከሚዘጋው መቀርቀሪያ ጋር፣ ከእሱ ገዝቶ አስገጠመ። የገዛው የድሮ ውጅግራ አፈሙዝ ነው፤ ሰፊ፣ ከባድ፣ ዓይን የሚሞላ። ጥይቱ ከገበያ ስለጠፋ ፈላጊ የለውም፤ ስለዚህ ከጠባቦቹ ይልቅ ርካሹ እሱ ነበር።

እርቁ የተፈጸመው በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነው። ይርጋ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ወደቀ። አስረስ ድንጋዩን አውርዶ ጣለለትና አነሣው። ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ጠመንጃው በነጠላ ላይ ተጋድሞ ቀረበ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ወይ አፍ! ይሄ እኮ ጅብ ያስገባል» አለ አንዱ።

«ከዚህ የወጣ ጥይት ሰው አይመታም፤ የጊችን ተራራ ነው የሚንደው» አለ ሌላው።

«አያ ሞላ፣ እንዲህ ያለ ብረት ለራስህ ይዘህ ታውቃለህ?»

ሰው ሳቀ። ሞላ አልሳቀም፤ ቄስ መኩሪያን አየ። እሳቸውም ፈጠን ብለው «በሉ፣ መሣሪያ ልናይ አይደለም የተሰበሰብነው» አሉና ጠመንጃው ለአስረስ ተሰጠ። ችኮላቸው ከሥርዓቱ ክብደት የመጣ መሰለኝ። ደሳለው ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። «ሥጋችንን በብረት ለወጥነው» ሲል ሰማሁት።

ዘገባዬ በፊት ገጽ ወጣ። የቄሱን ትዕግሥት አመስግኜ ነበር። ምስጋናው ያኔ በማውቀው ልክ ትክክል ነበር።

ስለ ስሜን ፓርክ ሌላ ዘገባ ስለነበረኝ ደባርቅ ሰነበትኩ። አስረስ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «የታደገን ልጅ ልንድር ነውና ና። የእርቃችን ምስክር አንተ ነህ» አለኝ። ሄድኩ።

ሠርጉ ደስ የሚል ነበር። ሙሽራው ከዳባት በሚኒባስ መጣ። ሚዜዎቹ ዳሱን ሞሉት። በዚያ አገር ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ስትወጣ አባቷ ተኩሶ ይሸኛታል። አባት ከሌለ አጎት ይተኩሳል። አስረስ ግን የራሱ መሣሪያ አልነበረውም። ያለው ያ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው ብቻ ነው። ከጎረቤት ተውሶ እንደሚተኩስ አስቀድሞ ተነጋግረው ነበር።

ከሙሽራው ጋር የመጡት ጎረምሶች ጠጅ ጠጥተዋል። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል አንዱ ጠየቀ።

«የአባቷ ዋጋ የተባለው ጠመንጃ የታለ?»

«ውስጥ ተሰቅሏል» አለው ሌላው።

«ለምን አይወጣም? ዱዳ ነው እንዴ?»

«ዱዳ ጠመንጃ ለዝምተኛ አጎት ነዋ!»

ተሳሳቁ። አስረስ የሰማ አይመስልም ነበር። «ያ ለተኩስ አልመጣም» አለና የተዋሰውን ጠመንጃ አነሣ። ያን ጊዜ አንዱ ሚዜ ዜማውን ያዘ፦

አባቷ ቢኖር ኖሮ ይተኩስ ነበረ፣
አጎቷ ተቀብሎ ሰቅሎት አሳደረ።

ጎረምሳው ክፋት አስቦ ያለው አይመስለኝም፤ የሠርግ ተረብ ነው። ሁሉም ተቀብሎ አስተጋባው። ደሳለው ግን ወደ አስረስ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ስማ! አገር እንዲህ ነው የሚለን። በወንድምህ ልጅ ፊት ነው የሚሰድቡህ» አለው። ሙሽራዋ በክንብንቧ ውስጥ ሆና አጎቷን ታየዋለች። አስረስ የተዋሰውን ጠመንጃ ለባለቤቱ መለሰና ወደ ቤት ገባ። ያንን ይዞ ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

«ጥይትስ?» አለ አንድ ሰው።

ከሙሽራው ወገን አንድ አዛውንት ታጣቂ ከወገባቸው ዝናር አንዲት ወፍራም ጥይት መዘዙ። «ውጅግራ ከሆነች ምግቧ እኔ ዘንድ አለ። ለጌጥ ብቻ እንዳትመስልህ፣ ባሩዷን በአዲስ ያስሞላኋት ናት» አሉት።

እኔ የቆምኩት ከአስረስ በስተግራ፣ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ነበር። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቃታውን ሳበ። ድምፁ የተኩስ ድምፅ አልነበረም፤ ቋጥኝ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። እሳቱ የወጣው በአፈሙዙ ሳይሆን በኋላ በኩል ነው። መቀርቀሪያው ተፈናጥሮ በፊቱ በኩል አለፈ። ጭሱ ገለል ሲል አስረስ አሁንም ቆሞ ነበር። ቀኝ እጁ ግን እጅ አይመስልም። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ስላልታያቸው እልልታቸውን ቀጥለዋል። ያ እልልታ እስኪቋረጥ የነበረው ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ይታወሰኛል።

ሙሽራው በመጣበት ሚኒባስ ጭነን ደባርቅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ደሙን አስረው ወደ ጎንደር የሚወስደው መኪና እስኪመጣ አስተኙት። ፖሊስ መጥቶ የሠርግ አደጋ ብሎ መዘገበ። ደሳለውና ሌሎች ዘመዶች መሣሪያቸውን እንደያዙ ደጅ ቆመዋል።

«ሆን ብለው ነው» ይላል ደሳለው። «ታላቁን በጥይት ጨረሱት፣ ታናሹን በስጦታ። ዛሬ የሞላ ቤት ይነድዳል።»

አስረስ ራሱን አልሳተም ነበር። ደሳለውንና እኔን አስጠራን። ፊቱ ግማሹ በጨርቅ ታስሯል። እኔን «አንተ የማንም ወገን አይደለህም። ጠይቆ መመለስም ሥራህ ነው» አለኝ። «አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ? ይህንን አጣርተህ ንገረኝ።» ቀጥሎ ወደ ደሳለው ዞረ። «እሱ እስኪመለስ ድረስ ጠመንጃ ይዞ የሞላን ደጅ የረገጠ ወንድሜ አይደለም።»

ደሳለው አፍጥጦ አየኝ። «ቶሎ ተመለስ» አለኝ።

በነጋታው በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወረድኩ። ምን ላገኝ እንደምችል አስቀድሜ አልገመትኩም፤ መገመት ልማዴ አይደለም። ነገር ግን የማመጣው ቃል የሰው ሕይወት እንደሚያስጠፋ ወይም እንደሚያተርፍ አውቃለሁ።

የአዲ አርቃዩ ገጣጣሚ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ወፍራም፣ አፈ ጮሌ ሰው ነው። የደረሰውን ስነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ተቆጣ።

«ተኮሱት? ተኮሱት ነው የምትለኝ?»

«በሠርግ ላይ።»

«እኔ እኮ ነግሬዋለሁ! ‹አፈሙዙ ደህና ነው፤ ከሰደፉ ጋር ግን የተጋባው በግድ ነው፤ መቀርቀሪያው ጠብቆ አይዘጋም። ስቀሉት እንጂ አታስጩኹት› አልኩት። ብረት በገንዘብ ነው፤ ምክር በነፃ ነው። ምክሬን ጥሎልኝ ብረቴን ይዞ ሄደ።»

«ምን መለሰልህ?»

«‹ግድ የለም፣ የሚሰቀል ነው› አለኝ። የሚሰቀል ባይለኝ መች እሸጥለት ነበር?»

ይህን ለመሸጡ ማስተባበያ ሊያደርገው ይችላል ብዬ ሌላ ምስክር ፈለግሁ። ጎረቤቱ ያለ የጨው ነጋዴ ሲነጋገሩ ሰምቷል። የነገረኝ ቃል ከገጣጣሚው ቃል ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ሞላ ያውቅ ነበር።

ያንኑ ቀን ዳገቱን ተመልሼ ሞላ ቤት ደረስኩ። ሚስቱንና ልጆቹን በየዳ ወዳሉት ዘመዶቹ ልኳል። ወንድሙን ይርጋንም አሽሽቷል። እሱ ግን በሩን ከፍቶ መደቡ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። መሣሪያ አልነበረውም።

«ደሳለው ነው ብዬ ነበር» አለኝ። «ግባ።»

ገጣጣሚው ያለኝን ነገርኩት። አልካደም። ለመካድም አልሞከረም።

«ነግሮኛል። ሙሉውን የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። የደም ጠመንጃ ይሰቀላል፤ አባቶቻችንም ሰቅለውታል። አስረስ ይተኩሰዋል ብዬ በልቤም አልመጣ። ቢሆንም አላስቻለኝም። በእርቁ ዋዜማ ለአባ መኩሪያ ሄጄ ነገርኳቸው።»

«ምን ብለህ?»

«‹አባ፣ ይህ ብረት መጮህ የለበትም፤ መቀርቀሪያው ጠብቆ አይዘጋም። ለባለደሙ ልንገረው› አልኳቸው። ‹ዝም በል፤ በጊዜው እኔ እነግረዋለሁ› አሉኝ። የነፍስ አባቴ ናቸው። ዝም አልኩ።» ከዚያ እያየኝ «አልነገሩትም እንዴ?» አለ።

ተነሥቼ ወደ ቄሱ ቤት ሄድኩ።

ቄስ መኩሪያን ያገኘኋቸው በቤታቸው ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ከሠርጉ ወዲህ እህል እንዳልቀመሱ ባለቤታቸው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ጥያቄዬን እንደማንኛውም ባለጉዳይ ጠየቅኋቸው። ሌላ አጠያየቅ አላውቅም።

«አባ፣ ሞላ ነግሮዎት ነበር?»

«ነግሮኛል።»

«ለአስረስ ለምን አልነገሩትም?»

«ብነግረው ደሳለው ይሰማል። ደሳለው ከሰማ ‹ለሞተው ወንድማችን የሞተ ብረት ሰጡን› ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ የተመላለስኩበት እርቅ በአንድ ጀምበር ይፈርሳል። ከዚያ ስንት ሬሳ ነው የምቀብረው? ፋሲካ ይለፍ፣ ልባቸው ይብረድ፣ ከዚያ ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

«ሠርጉ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ከጎረቤት እንደሚዋስም ነግሮኝ ነበር።»

የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ጠመንጃው ሲወጣ የት ነበሩ?»

«ዳሱ ውስጥ። ማዕዱን ባርኬ ተቀምጬ ነበር። ዘፈኑን ሰምቻለሁ። ሲገባም አይቼዋለሁ። ልነሣ አልኩ፤ እግሬንም አነሣሁ። ‹አትተኩስ› ብለው ‹ለምን?› ይለኛል። ያ ሁሉ ሰው፣ ደሳለውም ባለበት፣ ምን እመልሳለሁ? ምን እንደምል ሳስብ…»

ጎንደር ሆስፒታል ስደርስ የአስረስ ቀኝ እጁ ከአንጓው ተቆርጧል። ቀኝ ዓይኑም ጠፍቷል። ሚስቱ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ሰው እንዲወጣ አደረገና «ንገረኝ» አለኝ። ያገኘሁትን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በቅደም ተከተል ነገርኩት። ስለ ሞላ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ቄሱ ስነግረው አንዱ ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ።

«ዳሱ ውስጥ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ዘፈኑንም ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ ብለውኛል።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። ሲመለስ ድምፁ የበፊቱ ነው።

«ለደሳለው ማንም አያውቅም ነበር በልልኝ።»

«ያላገኘሁትን አልናገርም» አልኩት። «አንተ የጠየቅኸኝን ላንተ ነግሬሃለሁ።»

«እንግዲያው አንተ ዝም በል። እኔ እናገራለሁ። እኔ እስካለሁ ግን በጋዜጣ እንዳይወጣ። ደሳለው ማንበብ ባይችል የሚያነብለት አያጣም።»

ቃል ሰጠሁት። ደሳለው ተጠርቶ ገባ።

«ማንም አላወቀም» አለው አስረስ። «ጥይቷ ናት፤ አሮጌ ነበረች።»

«ሊሆን አይችልም!»

«ወንድ ከሆንክ ከጥይቷ ጋር ተጣላ። ከሞላ ቤት ጭስ ብትወጣ እኔ ነኝ ደመኛህ።»

ደሳለው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። «ባለደሙ እሱ ነው፤ ያለህን ስማ» ከማለት በቀር ምንም አልመለስኩለትም። እየተሳደበ ወጣ። የሞላ ቤት ግን አልነደደም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጠመንጃው በመበላሸቱ የእርቁ ውል ጎዶሎ ሆኗል፣ ስለዚህ የገዳይ ወገን ሌላ ደህና ጠመንጃ ይተካ ብለው ወሰኑ። እዚያ አገር አእምሮ ያላቸው ሰዎች ተቀምጠው የወሰኑት ይህን ነው። እኔም ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሞላ የቀረችውን መሬት አከራይቶ ደህና ምንሽር ገዝቶ መጣ። ሽማግሌዎቹ አስረስ ግቢ ገቡ፤ ከፊት ቄስ መኩሪያ ነበሩ። ጠመንጃውን ከሞላ ተቀብለው ለአስረስ ዘረጉለት።

«ተቀበል፣ ልጄ። ይህኛው ደህና ነው» አሉት።

አስረስ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያቸው። «በየትኛው እጄ ልቀበልዎ?» አላቸው።

ቄሱ ጠመንጃውን እንደዘረጉ ቀሩ። የአስረስ ሚስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በኋላ ሞላ ሄዶ ከእጃቸው ወሰደላቸው። አስረስ ለሞላ «አያ ሞላ፣ መልሰህ ሽጠው። በሬ ግዛበት» አለው። «እኔ ከእንግዲህ እርፍ አልጨብጥም። ይርጋ መጥቶ ይረስልኝ።» ሞላ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይስጥህ» እያሉ መረቁት። ቄስ መኩሪያ ከመራቂዎቹ መካከል አልነበሩም፤ ወጥተው ሄደዋል።

ያ የእርቅ ዘገባዬ እስከ ዛሬ ይነሣብኛል። የሙያ ጓደኞቼ ለወጣቶች ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔም «አመሰግናለሁ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ስለማላነሣ ምስጋናው አፌ ውስጥ ይመረኛል። በቄሱ ላይ ልፈርድ ሞክሬ አልቻልኩም፤ ያሉት ሬሳ ሁሉ ይወድቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ልተዋቸውም ሞክሬ አልቻልኩም። ያነሡትን እግር ለምን መለሱት እያልኩ ዛሬም እናደዳለሁ። ይህ ንዴት በዕድሜ የሚበርድ መስሎኝ ነበር፤ አልበረደልኝም።

ወደ ደባርቅ በሄድኩ ቁጥር አስረስን ሳልጠይቅ አልመለስም ነበር። ይርጋ በገዛ ወንድሙ በሬ ሲያርስለት አይቻለሁ። አስረስም ከወንድሙ ገዳይ ጋር ከአንድ ሞሰብ ሲበላ አይቻለሁ። ይርጋ ወጡን ወደ አስረስ ግራ እጅ እየሳበ ያቀርብለታል፤ ሁለቱም ብዙ ሳይነጋገሩ በልተው ይነሣሉ። እርቁ እውነተኛ ነበር፤ አልፈረሰም።

አንድ እሑድ አብሬው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ቄስ መኩሪያ በሕዝቡ መካከል እየዞሩ መስቀል ያሳልማሉ። አስረስ ዘንድ ሲደርሱ መስቀሉን ዘረጉለት። እሱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አላጎነበሰም፣ ፊቱንም አላዞረም። በቀረችው ዓይኑ ብቻ አያቸው። ቄሱ መስቀሉን እንደዘረጉ ጥቂት ቆዩና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ከጎናችን የነበሩት ሰዎች ለምደውታል፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም። ሚስቱን ስጠይቃት በየሳምንቱ እንዲሁ ነው አለችኝ። እሳቸው ዘርግተው ይቆማሉ፤ እሱም ቆሞ ያያቸዋል፤ ከዚያ ያልፋሉ። ቄሱ እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበር።